ሁለት ቀን የቀረው ውሻ

ነገሩ ከሆነ አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ከሚሴ ውስጥ ባጃጅ የሚባል ነገር ገና ሳይገባ፣ ሰው በጋሪና በእግሩ በሚሄድበት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይህን ግን መርሳት አልቻልኩም። ቂጣ መሬት ላይ ወድቆ ባየሁ ቁጥር ይመጣብኛል። ቂጣ ደግሞ እኛ ቤት በየቀኑ ይወድቃል። ለምን እንደሚወድቅ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ሥራዬ በሬ ማድለብ ነው። ከጨፋ ሮቢት ገበያ ከሲታ በሬ እገዛለሁ፣ ከተማው ዳር ባለው ግቢዬ አስሬ አገዳና የኑግ ፋጉሎ እየቀለብኩ አወፍረዋለሁ፣ ለአረፋ እሸጠዋለሁ። የሰባ በሬ ያለበት ግቢ ደግሞ ሌባ አያጣም። በዚያ ሰሞን የጎረቤቴ የጋሽ ሁሴን ሁለት በሬዎች ከነገመዳቸው ጠፉ። እኔም ፈራሁና ከዘመድ ቤት ቡችላ አመጣሁ። ጥቁር ስለነበር ጉራቻ አልነው፤ በኦሮምኛ ጥቁር ማለት ነው።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። እኔ ግልፍተኛ ሰው ነኝ። ቱግ ካልኩ ፊቴ ያለውን አላይም። ባለቤቴ ከዲጃ «አንተ እኮ መጀመሪያ ትመታለህ፣ ከዚያ ነው የምትጠይቀው» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

እኛ አካባቢ ውሻ ኃይለኛ እንዲሆን ከተፈለገ ምግቡን እየሰጡ መንጠቅ ነው ይባላል። እኔም ይህንኑ አደረግሁ። ለጉራቻ በአሮጌ የብረት ድስቱ ቂጣ ወይም አጥንት አቀርብለታለሁ። ሁለቴ ሦስቴ ሲጎርስ በረጅም ዱላ ድስቱን እስባለሁ። ሲከተለኝ አፍንጫውን እለዋለሁ። እንደገና አቀርባለሁ፣ እንደገና እነጥቀዋለሁ። አንዳንዴ ሚጥሚጣ ነስንሼ እሰጠው ነበር። ዛሬ ስጽፈው እጄ ያፍራል፤ ያኔ ግን እስቅ ነበር።

ዓመት ሳይሞላው ጉራቻ ሌላ ፍጥረት ሆነ። ምግብ ላይ ሲሆን ጠጉሩ ይቆማል፣ ጥርሱ ይገጥጣል፣ ከሆዱ የሚወጣው ማጉረምረም መንገድ ድረስ ይሰማል። ምግብ ሳይኖር ምንም አይልም፤ ከበረቱ አጠገብ ካለው ማንጎ ሥር በሰንሰለቱ እንደታሰረ ተኝቶ ይውላል። ድስቱ ከቀረበ ግን እኔንም አያውቀኝም። እንግዳ ሲመጣ «ኑ እዩልኝ» እያልኩ አስጎበኝ ነበር። ቂጣ እወረውርለትና በዱላ እነካካዋለሁ፤ እሱ ዱላውን ይነክሳል፤ ሰው ይስቃል። ከዲጃ ብቻ አትስቅም።

«ኢብራሂም፣ በሪዝቅ አይቀለድም» አለችኝ አንድ ቀን። «እንስሳም ቢሆን ለሆዱ ነው። ግፍ ነው።»

«ዝም በይ፣ በሬው ሲሰረቅ የምታለቅሺው አንቺ ነሽ» አልኳት።

ዘሀራ ልጃችን ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው። ስትናገር እጇ ቀድሞ የሚናገር፣ አንድ ነገር ከነገሯት የማትረሳ ልጅ ነበረች። እኔ ካስተማርኳት ነገር ሁሉ አንዱን ከልቧ ይዛዋለች። ሪዝቅ፣ አላህ የሰጠው ምግብ፣ አይረገጥም። የወደቀ ምግብ ካየሽ ታነሺዋለሽ፣ ትስሚዋለሽ፣ እግር ከማይደርስበት ታስቀምጪዋለሽ፣ አልኳት። እኔም ከአባቴ ነው የተማርኩት። እሷ ግን ከእኔ ባሰች። ከመድረሳ ስትመለስ መንገድ ላይ ያገኘችውን ቁራሽ ሁሉ እየሳመች ታመጣለች። የግንባችን ስንጥቅ በሙሉ እሷ በሰገሰገችው ቂጣ ተሞልቶ ነበር፤ ወፎች ይለቅሙታል።

አንድ ግቢ ውስጥ ለሁለቱም አስተማሪያቸው እኔ ነበርኩ። ለውሻው ምግቡን እንዳያስነካ፣ ለልጄ የወደቀ ምግብ እንድታነሳ። ሁለቱ አንድ ቀን እንደሚገናኙ ለደቂቃ አላሰብኩም። ያ አላህ፣ ሰው እንዴት እንዲህ ይታወራል?

የዚያን ቀን ረፋድ ላይ ለጉራቻ የማሽላ ቂጣ ወርውሬለት ወደ በረቱ ዞርኩ። ግማሹን በላና አንዷ ቁራሽ ከድስቱ ወጥታ ትንሽ ራቅ ብላ ወደቀች። እሱ ከጎኗ ተጋደመ። የተኛ ይመስላል። ዘሀራ የቁርኣን ሰሌዳዋን፣ ሉሁን፣ በብብቷ ይዛ ከመድረሳ ገባች። ቁራሿን አየች። እኔ አገዳ ተሸክሜ ከበረቱ ስወጣ ጎንበስ ስትል አየኋት። «ተይ!» ብዬ ጮህኩ። እሷ ግን ቂጣዋን አንስታ ወደ ከንፈሯ እየወሰደች ነበር።

ጉራቻ ቀኝ እጇን ነው የያዛት። ያዘና ለቀቀ፣ ደግሞ ያዘ። አገዳውን ጥዬ እስክደርስ ነጭ ሻሿ ቀይ ሆኗል። ያልጠበቅሁት ነገር፣ ልጄ አላለቀሰችም። ዓይኗን አፍጥጣ «አባ፣ ወድቆ ነበር እኮ» አለችኝ።

ከዲጃ ጩኸቴን ሰምታ ወጣች። ደሟን ስታይ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችው። «አስተማርከው። ይኸው።»

ልጅቷን ታቅፌ በጋሪ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሲስተሯ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ረዘም ላለ ጊዜ አጠበችው። ሁለቱ ጣቶች፣ የቀለበት ጣትና ትንሿ፣ ጅማታቸው ተበጥሷል። ያ ግን ያኔ ትልቁ ጭንቀት አልነበረም። ትልቁ ያበደ ውሻ በሽታ ነው። በሽታው አንዴ ምልክቱ ከታየ ሰው እንደማይተርፍ ከሚሴ ውስጥ የማያውቅ የለም።

«ውሻው የማን ነው?» አለችኝ ሲስተሯ።

«የራሴ ነው። አሁን ሄጄ እገድለዋለሁ» አልኳት።

ድንግጥ አለች። «እንዳትነካው! አሥር ቀን አስረህ ጠብቀው። የነከሳት ምግቡን ስለነካችበት ነው እንጂ ያበደ አይመስልም። አሥሩን ቀን በጤና ከቆየ ልጅህ ነፃ ናት። ከሞተ ወይም ጠባዩ ከተለወጠ ግን በዚያው ቀን ደሴ ውሰዳት። መርፌው እዚያ ነው ያለው፤ ብዙ ነው፣ በየቀኑ ነው፣ ለልጅ ከባድ ነው። ገባህ? ጠባዩን ተከታተል።»

ገባኝ አልኩ። ቤት ስደርስ ጋሽ ሁሴንና ሌሎች ጎረቤቶች ዱላ ይዘው የግቢዬ በር ላይ ቆመዋል። እኔ፣ ልጄን የነከሰውን ውሻ፣ ከሰው ዱላ የምከላከል ሆንኩ! «ወላሂ፣ እሱን የነካ ልጄን ነው የነካ» እያልኩ መለስኳቸው። ደሜ እየፈላ ነው ያልኩት። እነሱ ሲሄዱ ጉራቻን አየሁት። ማንጎው ሥር ተቀምጦ መዳፉን ይልሳል።

በማግስቱ በሬዎቼን የሚያክምልኝ የእንስሳት ሐኪም መጣ። ዶክተር እንለዋለን፤ ዝምተኛ ሰው ነው። ጉራቻን ከሩቅ ሲበላ አየው፤ ማጉረምረሙንም ሰማ። ከዚያ እንዴት እንዳሳደግሁት ጠየቀኝ። ስነግረው ፊቱ ተለወጠ፤ ስድብ ግን አልሰደበኝም።

«ይህ ውሻ ክፉ አይደለም፤ የሚፈራ ነው» አለኝ። «ሰው ወደ ድስቱ ሲመጣ ይወሰድብኛል ብሎ ነው የሚያውቀው፤ ሌላ አላየም። ከዛሬ ጀምሮ ምግቡን አትንጠቀው። አስቀምጥለትና ዞር በል። ሲበላ ማንም አይጠጋው፤ ልጅ በጭራሽ። አንተ በሩቅ ካለፍክ ደግሞ አንድ ቁራሽ ጨምረህ ወርውርለትና ሂድ። ቀርበህ አትወስድበትም፤ ትጨምርለታለህ።»

እኔም እሺ ብዬ እንዳለኝ አደረግሁ። ለውሻው አዝኜ እንዳይመስላችሁ፤ አሥሩን ቀን በሕይወት እንዲቆይልኝ ብቻ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ድስቱን ሞልቼ አስቀምጥና ዞር እላለሁ። ትንሽ ቆይቼ በሩቅ እያለፍኩ ቁራሽ ስጋ ወይም ቂጣ እወረውርለታለሁ። እሱም ያጉረመርማል።

ያ ማጉረምረም የቤታችን ዜና ሆነ። ከዲጃ ዘሀራን ታቅፋ ከውስጥ ትጠይቀኛለች።

«አጉረመረመ?»

«አጉረመረመ።»

«አልሐምዱሊላህ» ትላለች።

ከአንድ ሳምንት በፊት ስንፈራው የነበረውን ድምፅ ዱዓ አድርገን የምንጠብቀው ሆንን። ጠባዩ አልተለወጠም ማለት ነው። ያው ክፉው ጉራቻ ነው፤ ልጃችን ደህና ናት። ሁለተኛው ቀን አጉረመረመ። ሦስተኛው አጉረመረመ። አራተኛው፣ አምስተኛው። ስድስተኛው ቀን ላይ ድምፁ የቀነሰ መሰለኝ፤ ለከዲጃ ግን አልነገርኳትም። ሰባተኛው ቀን አንዴ ብቻ እንደ ማቃሰት አለና ዝም ብሎ በላ።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ድስቱን አስቀመጥሁ። ዞር አልኩ። ጆሮዬን ጣልኩ። ምንም የለም።

«አጉረመረመ?» አለች ከዲጃ።

እንደገና ጆሮዬን ጣልኩ።

«ኢብራሂም፣ አጉረመረመ ወይ?»

ቁራሽ ስጋ ይዤ ቀረብ አልኩ። ጉራቻ ከድስቱ ቀና አለ። ጥርሱን አላሳየኝም። ጠጉሩ አልቆመም። ጅራቱን ወዘወዘ! እኔን ባየ ቁጥር ጥርሱን ሲገጥጥ የኖረ ውሻ ምግቡን ትቶ፣ ሰንሰለቱ እስኪወጠር መጥቶ ጆሮውን ጥሎ አየኝ። ከአፉ ለሃጭ ይንጠባጠባል። የስጋው ሽታ እንደሆነ ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ግን የእብደት ምልክት መሰለኝ።

ጋሽ ሁሴን በአጥሩ በኩል ያይ ነበር። «ወዮ! ሰሬን መራቴ!» አለ በኦሮምኛ፤ ውሻው አበደ ማለቱ ነው። «እንዲህ ነው፣ ያ ኢብራሂም። ሲያብድ መጀመሪያ ይለማመጣል። ክፉው ገር ይሆናል። ከዚያ ነው የሚነሳው።»

ወደ ዶክተሩ ቤት ሮጥኩ። ሚስቱ «ጨፋ ሮቢት ከብት ሊከትብ ሄዷል፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ ይመለሳል» አለችኝ። ገና ሦስት ሰዓት አልሞላም። እስከ አሥር ሰዓት መጠበቅ ነበር የቀረኝ። ወይም ልጅቷን ይዞ ደሴ መሄድ፣ ውሻውንም እንደታሰረ መተው ነበር። ዛሬ ስናገረው እንዴት ቀላል ነው።

ስመለስ ከዲጃ በሩ ላይ ተቀምጣ የዘሀራን በፋሻ የታሰረ እጅ ይዛ ታለቅሳለች። «ጠባዩ ተለወጠ ነው? ልጄ ልትሞትብኝ ነው?» አለችኝ። ያን ስሰማ ያው እኔነቴ መጣ። ቱግ አልኩ። መጥረቢያውን ከበረቱ አነሳሁ።

ጉራቻ ወደ ድስቱ ተመልሶ እየበላ ነበር። ስጠጋው አላጉረመረመም። የምጨምርለት መስሎት ይሆናል። ቀና ብሎ እጄን ነው ያየው። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም፤ አንዴ አልበቃውም፣ ያን ብቻ ልበል።

ሬሳውን በጆንያ ጠቅልዬ ቦርከና ወንዝ ዳር ካለው ገደል ጣልኩት። ከዚያ ልጄንና ሚስቴን ይዤ በመጀመሪያው ሚኒባስ ደሴ ገባሁ።

የደሴው ሐኪም የጤና ጣቢያውን ወረቀት አየና «ስምንተኛ ቀን ነው። ውሻው የት አለ?» አለኝ።

«ገደልኩት።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ለምን? ሁለት ቀን ነበር የቀረው! ታስሮ ቢቆይ መርፌውን ዛሬ ጀምረንላት፣ ውሻው አሥሩን ቀን ካለፈ እናቆምላት ነበር። አሁን በምን እንወቅ? ጭንቅላቱስ? አዲስ አበባ ልከን እናስመረምር ነበር።»

ጭንቅላቱን ያን ጊዜ ጅብ ሊበላው ተቃርቧል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀምም አልነበረም።

ስለዚህ መርፌውን ሳታቋርጥ እስከ መጨረሻው መውሰድ ነበረባት። በየቀኑ እምብርቷ ዙሪያ ነው የሚወጉት። ደሴ በከዲጃ ዘመድ ቤት ተጠግተን ሰነበትን። መጀመሪያ ቀን ዝም ብላ ተወጋች። በሦስተኛው ቀን ሆዷ አብጦ ልብስ ሲነካው ትጮኻለች። በአምስተኛው ቀን የሆስፒታሉን በር ስታይ ሱሪዬን ጨምድዳ መሬት ላይ ተቀመጠች። አንስቼ ወሰድኳት። እኔ ክንዷን፣ ከዲጃ እግሯን ያዝን። መርፌው ሲገባ ፊቷን ወደ እኔ አዞረችና እንዲህ አለችኝ።

«አባ፣ ሁለተኛ ቂጣ አላነሳም። ወላሂ አላነሳም። በቃ በላቸው።»

ልጄ ቂጣ በማንሳቷ የምትቀጣ መስሏት ነበር። አይደለም ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ። የስድስት ዓመት ልጅ ምን ይገባታል? ከነገርኳት ነገር ሁሉ ከልቧ የያዘችውን ነው በእኔ እጅ ያስጣልኳት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም፤ ከዲጃ ሳትቀር እኔን ማባበል ያዘች።

ወደ ከሚሴ ስንመለስ ዶክተሩ ሊጠይቀን መጣ። ዘሀራን ካየ በኋላ ማንጎው ሥር ቆምን። ድስቱ አሁንም እዚያው አለ። አንድ በአንድ ጠየቀኝ።

«የዚያን ቀን ምግቡን በልቶ ነበር?»

«እየበላ ነበር።»

«ውሃስ?»

«ጠዋት ሲጠጣ አይቼዋለሁ።»

«አካሄዱ? ይንገዳገድ ነበር?»

«አይ። ጅራቱን ነበር የሚወዘውዘው።»

ጎንበስ ብሎ ድስቱን አየው። «ሳላየው እርግጠኛ ሆኜ አልናገርም» አለኝ በመጨረሻ። «ግን ኢብራሂም፣ ሳምንት ሙሉ ሳትነጥቀው ነው የሰነበትከው። ስትጨምርለት ነው የቆየኸው። ማጉረምረሙን የተወው አምኖህ ይመስለኛል።»

ጠባዩ ተለወጠ ብዬ ነው የገደልኩት። በእርግጥም ተለውጦ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ውሻ አላሳደግሁም። ሌባ ይምጣ፣ የፈለገውን ይውሰድ። ውሻ ያላቸውን ሰዎች ግን ሳገኝ እለምናለሁ። ምግቡ ላይ አትቀልዱበት፣ ሲበላ ልጅ አታስጠጉ፣ ካጉረመረመ ዱላ ሳይሆን ርቀት ስጡት እላለሁ። አንዳንዱ ይሰማኛል። አንዳንዱ «ኢብራሂም ደግሞ ስለ ውሻ የሚሰብክ ዳዒ ሆነ» ብሎ ይስቃል። ይሳቅ፤ እኔም ስቄ ነበር።

ዘሀራ ዛሬ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ በሽታው አልነካትም። ሁለቱ የቀኝ እጇ ጣቶች ግን አይታጠፉም። በግራ እጇ አትበላም፤ እንዳትበላ ያስተማርኳት እኔው ነኝ። በቀኟ ስትቆርስ ቂጣው ከጣቶቿ መሃል ሾልኮ ይወድቃል። ምሳ ላይ ይወድቃል፣ እራት ላይ ይወድቃል።

እሷ አታነሳውም። እጇን ሰብሰብ አድርጋ ትጠብቃለች። ጎንበስ ብዬ የማነሳው፣ የምስመውና ግንቡ ላይ የማስቀምጠው እኔ ነኝ።